በሴቶች በኩል የቆምንበት ምርጫ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ልርሳው ብል እንኳ አልችልም። በየቀኑ የሚያስታውሰኝ ነገር ከራሴ በላይ ተሰቅሎ አለ። ምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሮማን ልንገራችሁ። ያለ እሷ ነገሩ አይገባም።

ሮማን ሚኒያፖሊስ የገባችው ከእኔ በኋላ ነው። ያኔ ሪችፊልድ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበረኝ፤ ሳሎኔ ሶፋ ላይ ክረምቱን ሙሉ ተኝታለች። አውቶቡስ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። የበረዶ ጫማ የገዛሁላት እኔ ነኝ። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ያስቀጠርኳትም እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ውለታ ለመቁጠር አይደለም።

ይኸው ቆጠርኩ።

ከዚያ ሮማን አገባች። ባሏ ትራክ ይነዳል። ኖርዝ ሳይድ የሚባለው ሰፈር ቤት ርካሽ በነበረበት ጊዜ፣ ሁላችንም "እዚያማ ሌሊት ጥይት ይጮኻል" እያልን ስንሸሽ፣ እሷ ዕቁቧን ተቀብላ ቤት ገዛች። የዕቁቡ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ዕጣው ሲወጣላት እልል ያልኩትም እኔ ነኝ።

እኔን ደግሞ ሬንት ያዞረኝ ጀመር። ከሪችፊልድ ወደ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከዚያ ወደ ሴንት ፖል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ። ዞሬ ዞሬ ከሦስት ዓመት በፊት የገባሁት የት መሰላችሁ? ሮማን ቤት የገዛችበት ጎዳና ላይ፤ ለዚያውም በኪራይ። ጠዋት ለሥራ ስወጣ መጀመሪያ የማየው የሷን በረንዳ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፣ የአበባ መትከያ አለው፣ በዘበኛ ፈንታ አንድ የሸክላ ዶሮ ቆሞበታል።

እግዚአብሔርን የምፈራ ሴት ነኝ። ረቡዕና ዓርብን አልሽርም፣ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከቤት አልወጣም። ግን ያን በረንዳ ባየሁ ቁጥር ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይቆነጥጠኛል። ልጄ ሐና፣ እዚሁ የተወለደችው፣ አንድ ቀን ስለ ሮማን አዲስ መኪና በስልክ ሳወራ ሰማችኝ። ቀና እንኳ ሳትል፣

"ማም፣ ዩ አር ሶ ጄለስ" አለችኝ።

"ቅናት አይደለም፤ መገረም ነው" አልኳት።

"ኦኬ" አለች። ያ "ኦኬ" ከስድብ ይብሳል።

የምንኖርበት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው። እኛ ላይ ነን፣ ሚስ ሎሬን ታች። ሚስ ሎሬን ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ስልሳን ተሻግራለች፤ ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር። የተወለደችው እዚሁ ጎዳና ላይ ነው። የእናቷ ቤት ድሮ አውራ ጎዳናው ሲሠራ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን በሙሉ እዚሁ ጎዳና ላይ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስትዛወር ኖራለች።

"ሲጊ" ትለኛለች። "ጽጌ" ማለት ለምላሷ አልሆነላትም። በጋ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስናወራ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፤

"ሲጊ፣ እዚህ ጎዳና ላይ ስንቱን አሳልፌያለሁ መሰለሽ! እንግሊዝኛ ሳያውቁ ይመጣሉ። ከዚያ ሱቅ ይከፍታሉ። ከዚያ ቤት ይገዛሉ። ከዚያ ቻው ይላሉ። እኔ እዚሁ ቆሜ እጄን አውለበልብላቸዋለሁ።"

ይህን ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን ወደ ሮማን በረንዳ ሄዶ ነበር። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። የራሴ ነው።

የጎዳናችን ጥግ ላይ ድሮ ትልቅ ግሮሰሪ ነበር። ከተዘጋ ቆይቷል፤ መስኮቱ በጣውላ ተመቷል። እኛ ቲማቲም ለመግዛት አውቶቡስ ይዘን ሮቢንስዴል እንሄዳለን። እንግዲህ ያንን ሕንፃ ከተማው ገዛውና ገበያ ላደርገው ነው አለ። ውስጡ ትናንሽ ሱቆች ይኖሩታል፣ ኪራያቸው የሚቻል ይሆናል። ሱቆቹ ለማን እንደሚሰጡ የሚወስን ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ከጎዳናችንም አንድ ሰው ተመርጦ ይገባበታል ተባለ።

ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። አገሬ ሳለሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። እዚህም ከሥራ ስመለስ የነርሶች ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሚዜ ቀሚስ አጠባለሁ። የስፌት መኪናዬ ከአልጋዬ አጠገብ ነው ያለው፤ ደንበኛ ሲመጣ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌዎችን ሳነሣና ሳስተኛ ወገቤ አልቋል። ሐኪሙም "ይህን ሥራ ካልተውሽ ወገብሽ ይተውሻል" ብሎኛል። ጠባብ ትሁን እንጂ አንዲት ሱቅ ባገኝ ድኜ ነበር። ከእግዚአብሔር የለመንኩት ሌላ ነገር አልነበረም።

ከጎዳናችን ለኮሚቴው እንወዳደራለን ያሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሚስ ሎሬን ናት። ሌላዋ ማን ልትሆን? ሮማን!

ሮማን ቤቴ ድረስ መጣች። "ጽግዬ፣ እኔ ከገባሁ ሱቅሽን አገኘሽ በይ። እኔ እያለሁ!" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እህቴ" አልኳት።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩና ተቃጠልኩ። ሱቁን እፈልጋለሁ፤ ከሮማን እጅ መቀበሉ ነው ያቃተኝ። ዕድሜ ልኬን "ሮማን ናት ሱቅ የሰጠቻት" ሊባል ነው! ሶፋዬ ላይ የተኛችው ሮማን!

ሚስ ሎሬን ግን ሱቅም ምንም አልፈለገችም። ለምን እንደምትወዳደር ስጠይቃት፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ስለዚህ ጎዳና ሌላ ሰው ሲወስን አየሁ። ከመሞቴ በፊት እኔም አንድ ነገር ወስኜ ልየው" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ስብሰባው ላይ ፒዛ አለ። ያንቺ ሰዎች ይበላሉ?" ብላ ጠየቀች።

"ጾም ነው" አልኳት። "ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም።"

"ታዲያ ምን ቀራችሁ?"

"ጎመን።"

"ጎመንማ የኔ ነው!" ብላ ጭኗን መታች። ጥቁር አሜሪካውያንም እንደ እኛ ጎመን ወዳጆች ናቸው፤ እነሱ ግን ያጨሱት ሥጋ ካልገባበት ጎመን አይሉትም።

"በዘይት ብቻ መሆን አለበት" አልኳት።

"ያለ ሥጋ? ሲጊ፣ እናቴ ከመቃብሯ ትነሣብኛለች!"

ተሳሳቅን። ያ ጨዋታ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

ስብሰባው ቅዳሜ ቀን ሚስ ሎሬን በምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። "በምታስቀድስበት" አልኩ እንጂ የነሱ ቅዳሴ የለውም፤ መዝሙርና ስብከት ነው። አዳራሹ ውኃ ገብቶበት ስለነበር ከላይ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰብን። ፊት ለፊት ትልቅ የእንጨት መስቀል አለ። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች በቀኝና በግራ ተደርድረዋል፣ መሐሉ መተላለፊያ ነው።

ሮማን በሰፈሩ የሚኖረውን ሐበሻ አንድ ሳታስቀር አስመጣችው። ባሏ በቫን አመላለሳቸው። እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ሆኜ ፊት ቆሜአለሁ። ከቤቴ ወጥቼ እንዲህ ያለ ቦታ የማልገኝ ሴት ነኝ፤ ፖለቲካ የሚባል ነገር በሩቁ ነው የምፈራው። ግን እትዬ አስካለ "አንቺ ካላስተረጎምሽልኝ አልሄድም" ስላሉ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እትዬ አስካለ የሁላችን ታላቅ ናቸው፤ በዚህ ከተማ የወለደችውን ሴት ሁሉ አራስ ቤቷ ገብተው ያረሱ እሳቸው ናቸው።

ሰዎቹ ሲገቡ አንድ ነገር አይቻለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም። እትዬ አስካለ በሩ ላይ እንደ ደረሱ መስቀሉን አይተው አማተቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በቀኝ በኩል ሄደው ተቀመጡ። ሴቶቹ ሁሉ እየተከተሉ በቀኝ፣ ወንዶቹ በግራ ገቡ። ማንም አላዘዛቸውም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት በቀኝ፣ ወንድ በግራ ነው የሚቆመው። የዕድሜ ልክ ልማድ ደግሞ እግር ላይ ነው ያለው እንጂ ራስ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ምግብ ቀረበ። ፒዛው ሲታደል ሴቶቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሚስ ሎሬን ይህን ስታይ ከኋላ ትልቅ ድስት ይዛ መጣች። በየሰዉ ፊት እየቆመች በገዛ እጇ እየጨለፈች ሰጠች። "ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፤ ሲጊ ነግራኛለች" ትላለች ለእያንዳንዷ።

እትዬ አስካለ ቀመሱት። "ቃሪያ ጎድሎታል እንጂ ጎመን ነው" አሉና ድገሚኝ ብለው ሳህናቸውን ዘረጉ። ሚስ ሎሬን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አየች መሰለኝ፣ ከሆነ ቦታ ትራስ አምጥታ ከኋላቸው አደረገችላቸው። አንድ ቃል ሳይግባቡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ።

ከዚያ የከተማው ምክር ቤት ሰው መጣ። ስለ ጥቁሮች አንድነት አጭር ንግግር አደረገ። እኔን፣ ሮማንንና ሚስ ሎሬንን ጎን ለጎን አቁሞ ፎቶ ተነሣና ሌላ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። ፎቶው ላይ ሦስታችንም ጥርሳችንን አሳይተናል። እሱ ሲያየን ሁላችንም ጥቁር ነን፤ አንድ ነን። እኛ ግን ማን ባለ ቤት፣ ማን ተከራይ፣ ማን ትናንት መጥቶ ማንን እንዳለፈ አንድ ባንድ እንተዋወቃለን።

ምርጫው ደረሰ። ሚኒሶታ ውስጥ እንዲህ ባለ ስብሰባ ሰው አንዳንዴ የሚመርጠው በእጁ ሳይሆን በእግሩ ነው። ሰብሳቢው፣ ረጅም ቀጭን ሰውዬ፣ አስረዳን። ሚስ ሎሬንን የሚፈልግ በቀኝ ግድግዳ በኩል ይቆማል። ሮማንን የሚፈልግ በግራ። እሱ "ፍሪዝ!" ሲል ማንም አይነቃነቅም፤ ሁሉም በቆመበት ይቆጠራል።

"የሮማን በግራ፣ የሚስ ሎሬን በቀኝ" ብዬ ደጋግሜ ተረጎምኩ።

ሁሉም ብድግ አለ። ሴቶቻችንም ብድግ አሉ። ነጠላቸውን መስቀልኛ አጣፉ። ከዚያ እዚያው ቀኝ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆሙ! ልክ ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆሙት።

በመተላለፊያው ሮጥኩ። "እትዬ! በግራ ነው እኮ!"

"በወንዶቹ በኩል?" አሉኝ ደንግጠው።

"ዛሬ ቅዳሴ አይደለም፣ እትዬ!"

"ይኸ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?"

ከአጠገባቸው ያለችው ሴት ደግሞ፣ "እኔ ነጠላ አጣፍቼ እወንዶች መሐል ገብቼ ምን ልሠራ!" አለች።

"ፍሪዝ!" አለ ሰብሳቢው።

ሁሉም ደረቀ። እኔ መሐል መንገድ ላይ ነኝ። ሰውዬው ቆጠረ፣ እኔ ጋ ሲደርስ "መሐል የቆመ አይቆጠርም" ብሎ አለፈኝ። ስለዚህ ማንን መረጥሽ ብትሉኝ ማንንም ነው።

ሚስ ሎሬን አሸነፈች።

"ኧረ በፍጹም!" ብላ ሮማን በእንግሊዝኛ ጮኸች። "አልገባቸውም! እነዚህ እኮ የኔ ሰዎች ናቸው!"

"የማን ሰዎች?" አለች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ከኋላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ቤቱ ተንጫጫ።

ሚስ ሎሬን ናት ያስታገሠችው። "ይጠየቁ" አለች። "በስህተት ማሸነፍ አልፈልግም።"

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "በስህተት የቆመ ካለ መሻገር ይችላል። ጠይቂልኝ" አለኝ።

ያኔ ሁሉ ነገር በኔ አፍ ላይ ወደቀ። የሮማን ዓይን እኔ ላይ ነው። የሚስ ሎሬንም ዓይን እኔ ላይ ነው። አንዲት ቃል ባጣምም ከሮማን በቀር የሚያውቅብኝ አልነበረም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጠየቅኋቸው።

"እውነት ነው ልጄ" አሉ እትዬ አስካለ። "በልማድ ነው የቆምኩት። ተሳስቻለሁ።"

"ይኸው!" አለች ሮማን እጇን ዘርግታ። "በሉ ይምጡ እትዬ፣ ቀስ ብለው ይሻገሩ!"

እትዬ አስካለ አንድ እግራቸውን አነሡ። ከዚያ ጎናቸውን አዩ። ሚስ ሎሬን ጉልበታቸው እንዳያንገዳግዳቸው ክንዳቸውን ደግፋ ይዛለች። እትዬ አስካለ እግራቸውን መልሰው አስቀመጡት።

"እንዴት አድርጌ ልሂድ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ምን ሆኑ?"

"የሰው ጎመን በልቼ፣ ትራስ ተደርጎልኝ፣ ዓይኗ እያየ ጥያት ልሻገር? ምን ትለኛለች?"

"ምንም አትልም እትዬ፤ አሜሪካዊት ናት።"

"አሜሪካዊት ሆድ የላትም?"

"እኔም ደግሜ ነው የበላሁት" አለች ያቺ ነጠላዋን ያጣፋችው። "ብትገድሉኝ አልሄድም። ነውር ነው።"

ከግራ በኩል ጋሽ በቀለ፣ የታክሲው ሹፌር፣ "ለጎመን ነው እንዴ ይኸ ሁሉ!" ብለው ጮኹ።

"አንተ ዝም በል!" አሉ እትዬ አስካለ። "ጾም ገድፈህ ፒዛ ስትውጥ አይቼሃለሁ!"

ሐበሻው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፉ።

ሰብሳቢው "ምን አሉ?" አለኝ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው? "በስህተት ነው የቆሙት" አልኩት። "አሁን ግን ጥለዋት መሄድ ነውር ሆኖባቸዋል።"

"እና መቆየት ይፈልጋሉ?"

"አይፈልጉም። ግን ይቆያሉ።"

አሁን ደግሞ አሜሪካውያኑ ሳቁ። ሰብሳቢው ጭንቅላቱን አከከ። "እንግዲህ የቆመ ይቆጠራል" አለና ሚስ ሎሬን መመረጧን አስታወቀ።

ሮማን አየችኝ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ፊቴን ልሰውርባት ብዬ ነው እንጂ አዝኜ አልነበረም። አንድ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ጊዜ፣ ሮማን የፈለገችው ነገር ሳይሆንላት ሲቀር አየሁ። ውስጤ ሞቀኝ። አማተብኩ፤ ሙቀቱ ግን አልሄደም።

በር ላይ ያዘችኝ። "ስለ ጾሙ ማን ነገራት?"

"ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።"

"እሺ ጽጌ" አለችኝ። ጽግዬ አይደለም፤ ጽጌ። በጎመን ገዛችን እያለች ቫኑ ውስጥ ገባች። እስከ ፋሲካ ሰላምታ የለም።

በረዶው ቀለጠ፣ በጋው ገባ። አንድ ቀን ሚስ ሎሬን ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች፤ አልጋዬ ላይ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። ደስ ብሏታል፤ ግን ወደ እኔ አታይም።

"ሲጊ፣ ሕጉን አወጣን" አለችኝ። "ሱቅ ቅድሚያ የሚሰጠው እዚህ ጎዳና ላይ ረጅም ዘመን ለኖረ ሰው ነው። እኔ ነኝ ተሟግቼ ያስገባሁት። እስከ ዛሬ ይህ ሰፈር ሁልጊዜ ለመጣ ሰው ነው የሚሰጠው፤ ለቆየ ሰው ሲሰጥ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።"

ገባኝ። የኔ ሦስት ዓመት ነው።

"ሮማንስ? እሷም ለቅመም ሱቅ አመልክታለች" አልኳት።

"ሮማን ለጥቂት ነው፣ ግን ገብታለች። ቤቱን ከገዛች ቆይታ የለም?"

አያችሁ? ሮማን ተሸንፋ ሱቅ አገኘች። እኔ ስትሸነፍ ደስ ብሎኝ ባዶ እጄን ቀረሁ።

"ሬንት የሚያባርረው ሰው ዓመት አይጠራቀምለትም፣ ሚስ ሎሬን" አልኳት።

"አውቃለሁ። እኔም ተከራይ ነኝ" አለችኝ። "ግን ከዚህ ጎዳና አልወጣሁም። የሰው ምድር ቤት ውስጥ እየተኛሁ እንኳ አልወጣሁም።"

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ነው የባሰብኝ።

ያን ሰሞን የሮማንን በረንዳ ላለማየት በኋላ በር መውጣት ጀመርኩ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ስግደት ጨመሩልኝ። በዚያ ወገቤ ስሰግድ እንኳ ያ የሸክላ ዶሮ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል።

በፍልሰታ ጾም ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሮማን ናት። አልተቀመጠችም።

"የስፌት መኪናሽን አውርጂ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ሱቁ ሰፍቶኛል። ቅመም ስንት ቦታ ይይዛል? ግማሹ ያንቺ ነው።"

"ሕጉስ?" አልኳት። አመሰግናለሁ ማለት ቸግሮኝ እኮ ነው።

ሁለታችንም ታች ወርደን ሚስ ሎሬንን ጠየቅናት። መነጽሯን አድርጋ ሕጉን አነበበች። "አንድ ሱቅ ለአንድ ሰው ይላል" አለች። "ውስጡ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ አይልም።" ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና፣ "ምን ተፈራረማችሁ?" አለችን።

"ምንም።"

"ብትጣሉስ?"

"እኛ ስንጣላ ነው የኖርነው" አለች ሮማን።

ሚስ ሎሬን አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያፈራረቀች ብዙ አየችን። "እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማንም 'ግማሹ ያንቺ ነው' ብሎኝ አያውቅም" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ያየሁትን አስተያየት እንደገና አየሁት። አሁን ግን በረንዳው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። እኔ ላይ የሚቀና ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አስቤው አላውቅም።

የስፌት መኪናውን አንድ አንድ ጫፍ ይዘን ደረጃውን ስንወርድ ሮማን፣

"ያን ቀን ስሸነፍ ደስ ብሎሽ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"ወግጂ! ምን በወጣኝ!"

"ጽግዬ፣ ፊትሽን አይቻለሁ።"

"… ትንሽ" አልኳት።

እንዲያ ስትስቅ መኪናው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "ሶፋሽ ላይ ሳለሁ እኔም በቁልፍሽ እቀና ነበር" አለችኝ። "ከሥራ መጥተሽ በሩን በራስሽ ቁልፍ ስትከፍቺ አንቺ ድምፁን ልብ አትዪውም ነበር፤ እኔ ግን ያን ድምፅ ሰምቼ እንቅልፍ አጣ ነበር።" ይህን ስትል አልሳቀችም።

ገበያው ተከፈተ። መጦሪያው ውስጥ ሺፍቴን ቀንሻለሁ፣ ወገቤም እየተሻለው ነው። የኔ በቀኝ፣ የሷ በግራ ነው። እትዬ አስካለ ሲመጡ በኔ በኩል ይቀመጣሉ። ሚስ ሎሬንም የመዘምራን ልብሷን ላሳጥርላት አምጥታለች፤ እስክጨርስላት ድረስ ቆማ "ክሩ ጠብቋል፣ ይኸ ይጎረብጣል" እያለች ስታርመኝ ዋለች።

ሱቁን የከፈትን ሰሞን ሮማን ከላይ የሚሰቀል ጨርቅ ላይ ስማችንን እንድጠልፍ ነገረችኝ። "ያንቺን ከላይ አድርጊው። ታላቄ ነሽ፤ ሶፋሽ ላይ ተኝቻለሁ" አለች።

"ኧረ በፍጹም! ሱቁ ያንቺ ነው" አልኳት።

"በእናትሽ ጽግዬ!"

"አይሆንም አልኩ!"

እኔ ራሴ ለካሁት፣ እኔ ራሴ ቆረጥኩት፣ በወርቅማ ክር ጠለፍኩት። የሷን ከላይ በትልቁ፣ የኔን ከታች በትንሹ።

ከራሴ በላይ ተሰቅሏል ያልኳችሁ እሱ ነው። ጠዋት ገብቼ መብራት ሳበራ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከላይ አድርጊው ስባል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የጠለፍኩትም እኔ ነኝ። በየቀኑ ቀና ብዬ እያየሁ የምቀናውም እኔው ነኝ።